ሦስት ጊዜ ክሎን ያስደረገኝ ትንሽ ባትሪ

በቃ ሠራ! ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ያለ ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ መነሳት ሲያቅተው የሚያሳየው የስህተት ገጽ) እየተነሳ ነው። ባለፈው ራም የጨመርኩለት የቤታችን አሮጌ ዴስክቶፕ፣ የድሮ ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር ያለው፣ አሁን በሃርድ ዲስኩ ቦታ ፈጣኑ ማስቀመጫ፣ ኤስኤስዲ፣ ገብቶለታል። ድሮ አብርተነው ሻይ ጥደን ነበር የምንጠብቀው። አሁን 40 ሰከንድ ሳይሞላ ታናሽ እህቴ ወርድ ከፍታ አሳይመንቷን ትጀምራለች።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ኤስኤስዲውን እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ገዛሁ፣ 256 ጊጋ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ 250 ስለነበር 240ውን ሆን ብዬ ተውኩት፤ ዲስክ ለዲስክ ሲገለበጥ መቀበያው ካነሰ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሲፒዩውን በካቻቢቴ ከፈትኩ፣ የድሬን አቧራ አራገፍኩ። ዲስክን ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ጋር የሚያገናኝ ትርፍ የሳታ ኬብል ስላልነበረኝ ማንም የማይነካውን የዲቪዲውን ነቅዬ ሰካሁ። ማሰሪያ ፍሬም አልገዛሁም። ኤስኤስዲ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ቀላልም ነው፤ በአንድ ጎኑ በሁለት ብሎን ታስሮ ይቀመጣል።

ክሎንዚላ የሚባለውን፣ ዲስክን እንዳለ የሚገለብጥ (ክሎን የሚያደርግ) ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኜ አሮጌውን ወደ አዲሱ ገለበጥኩት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ብቻ፦ የቱ ምንጭ የቱ መቀበያ እንደሆነ በመጠን አትለዩ። 250 እና 256 ሲደክማችሁ አንድ ይመስላሉ። በሞዴል ስማቸው ለዩ። ከተሳሳታችሁ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፋል፣ ያኔ ሁሉም አለቀ።

"ፎርማት አድርገህ አዲስ ዊንዶውስ ጫን" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልስማማም። የእህቴ አማርኛ መጻፊያ አለ፣ ሲዲው ከጠፋ ዓመታት የሆነው የፕሪንተር ድራይቨር (ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚግባባበት ሶፍትዌር) አለ፣ እነሱን ፍለጋ አንድ ሳምንት ይሄዳል። ደግሞ ለሁሉም በሽታ ፎርማት ማዘዝ አይዋጥልኝም። ማሽኑ ይነሳል፣ ችግሩ ምን እንደነበር ግን ማንም ሳያውቅ ይቀራል።

አሁን ሦስት ሌሊት ወደበላብኝ ነገር ልምጣ።

ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ የሳታው ሞድ አይዲኢ ላይ ነበር። ያ የድሮው አሠራር ነው፤ ዲስኩ ትእዛዝ አንድ በአንድ ብቻ ይቀበላል። ኤኤችሲአይ ላይ ሲሆን ብዙ ትእዛዝ አሰልፎ ይይዛል፣ ለኤስኤስዲ የሚሆነው እሱ ነው። ግን በአይዲኢ የተጫነ ዊንዶውስ ላይ ሞዱን ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁ ሲነሳ ትክክለኛውን ድራይቨር አይጭንም፤ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ኤምኤስኮንፊግ የሚባለውን የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ ከፍታችሁ ቡት የሚለው ጋ ሴፍ ቡትን ምረጡ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮስ ግቡና ኤኤችሲአይ አድርጉት። በሴፍ ሞድ ሲነሳ ድራይቨሩን ራሱ ያስተካክላል። ከዚያ ምርጫውን አንስታችሁ እንደገና ማስነሳት ነው። በዊንዶውስ 10 ሠርቶልኛል።

ሠራ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ሰማያዊ ስክሪን፣ "ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ"፣ የምነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም ማለቱ ነው። ክሎኑ ተበላሽቷል ብዬ ከአሮጌው እንደገና ገለበጥኩ፣ ሁሉንም ደገምኩ፣ ማታ ሠራ፣ ጠዋት ያው። ሦስተኛ ጊዜም እንደዚሁ። በአራተኛው ቀን ኤስኤስዲውን ይዤ ታይዋን ሄድኩና ሻጩን "ፌክ ነው የሸጥክልኝ" አልኩት። ሰው ፊት። ልጁ አልተቆጣም። የራሱ ማሽን ላይ ሰክቶ ፋይሎቼን አሳየኝ፣ ጤንነቱንም ፈተሸልኝ። "አቦ፣ ዕቃው ሰላም ነው፤ ቤት ሄደህ ሌላ ነገር ፈልግ" አለኝ።

ፍንጩን የሰጠችኝ እህቴ ናት። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ መልሼ ሰክቼላት ነበር፣ "ቀኑ ደግሞ ወደ 2009 ተመልሷል፣ ዌብሳይት አይከፍትልኝም" አለች። ይሄ ለወራት የኖርንበት ነገር ነው። ቀኑን በእጅ እናስተካክላለን፣ ሲነሳ ኤፍ 1 ተጫኑ የሚለውንም ጽሑፍ ሳላነብ እጫናለሁ። እናታችን ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮረንቲው በርትቶ እንዳይመጣ ማታ ማታ ዲቫይደሩን ትነቅላለች። ልክም ናት።

ነገሩ እዚያ ጋ ተገጣጠመ። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ ትንሽ ኃይል ይሰጣል፣ የባዮሱ ሴቲንግና ሰዓቱ አይጠፉም። ሲነቀል ግን ያላቸው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ብቻ ናት። የኛዋ ሞታ ነበር። ስለዚህ ሌሊቱን ባዮሱ ሁሉን ይረሳል፣ ሳታውን ወደ አይዲኢ ይመልሳል፣ ጠዋት ለኤኤችሲአይ የተዘጋጀው ዊንዶውስ ዲስኩን ማግኘት ያቅተዋል። በቴስተር ስለካት 1.4 ቮልት፤ አዲሷ 3 መሆን አለባት። ሲአር 2032 በሏት ስትገዙ፤ ስፋቷ 20፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ማለት ነው።

በጣም የቆጨኝ ይሄ ነው፦ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ክሎን ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ባዮስ ገብቼ ኤኤችሲአይ ብዬ ብመልሰው ወዲያው ይነሳ ነበር። ባትሪዋን የገዛሁት ከዚያው ልጅ ነው፣ ይቅርታም ጠይቄዋለሁ።

ፍጥነቱን ለምትጠይቁ፣ ካርቶኑ ላይ በሰከንድ ከ500 ሜጋ በላይ ይላል፣ እኔ ያገኘሁት 260 አካባቢ ነው። ማዘርቦርዱ ሁለተኛውን የሳታ ትውልድ፣ ሳታ 2ን፣ የሚጠቀም ስለሆነ ከ300 አያልፍም። አትዘኑበት። አሮጌው ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ እየዞረ፣ አንባቢው ከቦታ ቦታ እየሮጠ ነበር ትንንሽ ፋይሎችን የሚለቅመው፤ ለውጡ የሚታየው እነሱ ላይ ነው። ዲፍራግ (የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን ማሰባሰብ) ግን ከእንግዲህ አታድርጉ፣ ለኤስኤስዲ አይጠቅምም፣ ዕድሜውንም ይበላል።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ገና አላጠፋሁትም፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጨዋለሁ። ሁለት ወር ካለፈ የፎቶ ማስቀመጫ አደርገዋለሁ። አሁን ጆሮዬን የያዘው የፓወር ሰፕላዩ ፋን ነው፤ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ይጮኻል፣ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።