ኩስ አይደለም፣ ትል ነው

ዛሬ ሸዋ ሮቢት አንድ ሰውዬ የሎሚ ችግኙን ቅጠል እያጠበ «ይቺ ወፍ ኩሷን ጣለችበት» ይላል። ጠጋ ብሎ ሲያየው ኩሱ ይንቀሳቀሳል!

የሎሚ ቢራቢሮ ልጅ ነው፤ የዚያች ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት። እናትየው ለጋ ቅጠል እየመረጠች አንድ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ትሉ ትንሽ እያለ ቡናማና ነጭ ስለሆነ ኩስ ነው ብለው ወፎች ያልፉታል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ነካ ካደረጋችሁት ከጭንቅላቱ ኋላ መንታ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ ይሸታል፣ ጉንዳን ያባርራል፣ ሰው ግን አይጎዳም።

ትልቅ ዛፍ ይችለዋል። ችግኝን ግን ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ ይጨርሰዋል። ለዚህ ደግሞ መድኃኒት መርጨት ምን አመጣው? ለጋ ለጋውን እያዩ በእጅ መልቀም ይበቃል። የተለቀሙትን ያደገ የሎሚ ዛፍ ላይ አስቀምጧቸው።