ሁሉንም ቀይሬ የቀረው ክዳኑ ነበር

መጋቢት ላይ ነው፣ እኩለ ቀን። ጎንደር ውስጥ በሞተሬ ከአዘዞ ወደ ላይ እየመጣሁ ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ሲኖትራክ ጭነቱን ይዞ ያቃስታል፣ ግራና ቀኙ ባጃጅ ነው፣ ማለፍ የለም። በሁለተኛ ማርሽ ከኋላው እየተሳብኩ ማራኪ ሰፈር ልደርስ ስል የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነካ። ከታንከሩ ስር ሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ ወዲያው እንፋሎት። ዳር ይዤ አጠፋሁት። አንዲት እናት ከግቢያቸው ጀሪካን ይዘው ወጡ። በዚያ ሰሞን ሦስተኛዬ ስለነበር ለምደውኛል። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ እኮ ከበቅሎ ይበልጥ ይጠጣል!" አሉኝ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሰው ውሃ እየለመኑ ሞተር ማጠጣት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

ሞተሬ አሮጌ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ነው። ከተማችን ውስጥ የምታዩት አብዛኛው ሞተር፣ ቦክሰሩም ሆነ የድሮው ያማሃ ኤጂ፣ በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። ሲሊንደሩ ላይ ያሉት ክንፎች ጭቃ ካልደረቀባቸውና ዘይት ካልጎደለ ብዙ ራስ ምታት የለውም። የኔው ግን በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው፤ እንደ መኪና ራዲያተር (ውሃው በነፋስ የሚበርድበት)፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታትና ፋን አለው። ስለዚህ የሚታዘዝለትም የመኪና መድኃኒት ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ "ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው" የሚለው ነበር። እሺ ብዬ አስወጣሁ። ምን ሆነ? ጠዋት ጠዋት በብርዱ ሞተሩ አልሞቅ እያለ ቤንዚን ይጠጣል፣ ቀን ዳገት ላይ ደግሞ እንደ ድሮው ይፈላል። ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። ቴርሞስታት የሚዘጋው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ 80 ዲግሪ አለፍ ሲል ይከፈታል። በደህና ጊዜው የሚከፈት በር ብትነቅለው ለሙቀቱ ምን ይጨምርልሃል? ተዘግቶ የቀረ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እሱንም ማወቅ ቀላል ነው፣ ድስት ውስጥ ውሃ ጋር ጥደህ ሲከፈት ማየት ነው። የኔው ይከፈት ነበር፤ ተመልሶ ገባ።

ከዚያ ራዲያተሩን አሳጠብኩ። ፋን ቀየርኩ፣ ሳያስፈልገኝ። አሮጌውን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ባገናኘው ኖሮ እንደሚዞር አይ ነበር፤ ብሬ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። በመጨረሻ ሜካኒኩ "ልጄ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው፣ ቴስታታው ይውረድ" አለኝ። ቴስታታ የሲሊንደሩ ራስ ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ። እዚህ ላይ ግን "ጋሼ፣ ትንሽ ልየው" ብዬ ሞተሬን ይዤ ወጣሁ። ምክንያቱም ውሃ ዘይት ውስጥ ቢገባ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስል ነበር፤ የኔው ንጹሕ ነው። ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ድንጋይ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። (በትኩሱ አትክፈቱ። ፊት ነው የሚልጠው፣ ቀልድ አይደለም።) የጎን ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ጣቴን ብሰድ ደረቅ! ያን ሁሉ ጊዜ የማየው ፕላስቲኩን ብቻ ነበር፤ ሙሉ ስለሆነ ደህና መሰለኝ።

ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ያ ክዳን ዝም ብሎ መክደኛ አይደለም፣ ሁለት ቫልቭ አለው። አንዱ ውሃው ሲሞቅ ግፊቱን አፍኖ ይይዛል፣ ከልክ ሲያልፍ ብቻ ወደ ፕላስቲኩ ያስወጣል። ሌላው ሞተሩ ሲበርድ የወጣውን መልሶ ይስባል። የኔው ጎማ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ያወጣል እንጂ አይመልስም።

የኛ ከተማ ከፍታ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላ የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። ደህና ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ሲሞት ራዲያተሩ ተራ ድስት ሆነ ማለት ነው። ፋኑ የሚነሳው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ውሃው በ93 ፈልቶ እያለቀ ፋኑ ገና ተራዬ አልደረሰም ብሎ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ፋን እቀይራለሁ!

አዲስ ክዳን ገዛሁ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። "ከፍ ያለው ይሻላል" የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ አትስሙት፣ አሮጌ የጎማ ቱቦ ያንን ግፊት አይችልም። ቱቦዎቹንም በእጅ ጫን አድርጋችሁ እዩ፤ ከደረቁ ወይም ካበጡ ከነፋሸታቸው (ከማጥበቂያ ቀለበታቸው) ይቀየሩ።

ሁለተኛው ጥፋት የራሴ ነበር፣ የቧንቧ ውሃ። ማንቆርቆሪያ ስር የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይቀራል፣ ዝገቱም በላዩ። አሁን ግማሽ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ የባትሪ ውሃ (የተጣራ ውሃ) ነው የምጠቀመው። መለዋወጫ ቤት የባትሪ ውሃ ስትሉ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ልብ በሉ። ኩላንቱ ለአልሙኒየም የሚሆን ይሁን፤ በቀለሙ አትመኑ፣ አረንጓዴም ቀይም ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ በየሁለት ዓመቱ እቀይረዋለሁ።

ሲሞላ አየር ይታፈናል። ክዳኑን ከፍቼ ሞተሩን ከቅዝቃዜው አስነሳለሁ፣ ሞተሩን ወዲህ ወዲያ ዘንበል ዘንበል አደርጋለሁ፣ ቱቦውን ጨመቅ ጨመቅ፤ ፉፉ እያለ አረፋው ሲወጣ ውሃው ወረድ ይላል፣ እጨምራለሁ። ይህን ሳያደርጉ ዘግቶ መሄድ ያንኑ ችግር እንደገና መግዛት ነው።

ላቫጆ ስትሄዱ ልጆቹ ያን ኃይለኛ ውሃ ራዲያተሩ ላይ እንዳይለቁት ንገሯቸው። ቀጫጭኖቹን ቅጠሎች ያጣጥፋቸዋል፣ ከዚያ ነፋስ አያልፍም። የበጋውን አቧራ እኔ ራሴ በቀስታ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት አወጣዋለሁ፤ የታጠፈውን በመርፌ አቃናለሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ቡና እየተፈላ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያን ዳገት ብዙ ጊዜ ወጥቼዋለሁ። ጌጁ መሃል ላይ ነው። እማማን ሰላም ብዬ ነው የማልፈው፣ ጀሪካናቸውን አልነካሁም። ባለፈው ሳምንት ግን ከውሃ ፓምፑ ስር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ በሁለት ቀን አንድ ጠብታ አየሁ። ያቺ ቀዳዳ የተሠራችው ውስጥ ያለው ሲል (ውሃውን የሚያፍነው ማሸጊያ) ማለቁን እንድትናገር ነው፣ በማጣበቂያ አትደፈንም። ሲሉን ከአዲስ አበባ እንዲልኩልኝ አዝዣለሁ፤ እስኪመጣ ከስሯ ካርቶን ዘርግቼ ጠብታ እቆጥራለሁ።