ያቺ አንዲት ‘አባውት’

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ያለችኝ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ጠባብ ናት። ሰኔ ሲገባ ግን በሯ ላይ ሰልፍ አይጠፋም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተካክል፣ ሲቪ የሚያሠራ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ተማሪ ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሳል። አሥራ አንድ ዓመት የሰው እንግሊዝኛ ስተይብ ኖሬአለሁ። የሚያናድዱኝን ስህተቶች ዓይኔ ሳያያቸው ጣቴ ያውቃቸዋል።

ከሁሉ የምትብሰው ‘ዲስከስ አባውት’ ናት። እሷን ሳልሰርዝ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ‘ዲስከስ’ ሲባል ‘ስለ’ አብራ ገብታለች፤ ሌላ ‘አባውት’ መጨመር አያስፈልግም። እኛ ደግሞ ‘ስለ ደመወዙ ተወያየን’ እያልን ነው ያደግነው። ጅማ ላይ አፉን በኦሮምኛ የፈታውም ልጅ ‘ዋኤ’ የምትል የራሱ ‘ስለ’ አለችው። ስለዚህ ‘አባውት’ን ስንተዋት ዓረፍተ ነገሩ እግሩ የተቆረጠ ይመስለናል። ይባስ ብሎ እንግሊዝኛው ራሱ ‘ዲስከሽን አባውት’ ሲባል ዝም ይላል። ስሙ ላይ የተፈቀደው ግሱ ላይ ነውር የሚሆንበትን ምክንያት ለተማሪ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ መምህር ብዙ አላየሁም። ‘ስህተት ነው’ ተብሎ በቀይ ይሰመርበታል፣ በቃ።

ሌሎቹም የዚችው ዘመዶች ናቸው። ‘ሜሪድ ዊዝ’ የመጣችው ‘ከእሷ ጋር ተጋባ’ ከማለታችን ነው። ‘ሪተርን ባክ’ የእኛው ‘ተመልሶ መጣ’ ናት። ቴሌቪዥን የምንከፍት ሰዎች ስለሆንን ‘ኦፕን ዘ ቲቪ’ እንላለን። መመረቂያ ጽሑፎቹ ላይ ደግሞ ‘ሪሰርችስ’ እና ‘ኢንፎርሜሽንስ’ ሞልተዋል፤ መረጃዎች ካልን ለምን እንግሊዝኛው አይበዛም?

የቋንቋው ባለቤቶችስ? እነሱም ይሳሳታሉ፤ የሚሳሳቱት ግን በሌላ በኩል ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ‘ኩድ ሃቭ’ ማለት ሲገባው ‘ኩድ ኦቭ’ ብሎ ይጽፋል፤ ሲነገር ተዋጥቶ ‘ኩደቭ’ ስለሚመስል። ቋንቋውን መጀመሪያ በጆሮው ነው ያገኘው። የእኛ ልጆች ያገኙት ከመጽሐፍና ከሰሌዳ ስለሆነ፣ ‘ኩድ ኦቭ’ ብሎ የጻፈ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። አፖስትሮፊ የሚሏት ከላይ የምትንጠለጠል ጭረት ግን እነሱንም እኛንም እኩል ታሳስታለች። እንግሊዝ አገር፣ ቦስተን በምትባል የሊንከንሻየር ከተማ፣ ጆን ሪቻርድስ የሚባሉ ጡረተኛ ጋዜጠኛ በ2001 እ.ኤ.አ. ለዚች ጭረት ተቆርቋሪ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ያለ ቦታዋ ለሚለጥፏት ሱቆች በትሕትና ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረው፣ በ2019 በ96 ዓመታቸው ማኅበሩን መዝጋታቸውን አስታወቁ። ሰውየውን በደንብ ነው የምረዳቸው። እኔም መርካቶ ወርጄ ታፔላ ላይ ‘ጁስ’ ከነጭረቷ ተጽፋ ሳያት እጄን ያሳክከኛል።

እስከዚህ ያለውን ሁሉ ሰርዤ አልፈዋለሁ። ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ባለፈው ዓመት ያየሁት ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በምህንድስና የተመረቀ፣ ሲቪውን እኔው የሠራሁለት ልጅ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነበር። ‘ዶንት ዩ ሃቭ ኤ ድራይቪንግ ላይሰንስ?’ አሉት። ‘የስ’ አለ። እኛ ‘መንጃ ፈቃድ የለህም?’ ስንባል ‘አዎ’ የምንለው የለኝም ለማለት ነው፤ የጠያቂውን ቃል ነው የምናጸድቀው። በእንግሊዝኛ ግን ‘የስ’ ካልክ አለኝ ማለትህ ነው። አለው ብለው ጻፉ። ማስረጃ አምጣ ሲባል የለም። ‘ውሸታም’ ብለው አሰናበቱት። ጠያቂዎቹ አበሾች ናቸው፤ እነሱም በአማርኛ ‘አዎ’ ሲሉ እንደሱው ነው የሚሉት። አንዳቸውም ‘ምን ማለትህ ነው?’ ብለው አልደገሙለትም።

ልጁ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

‘ጋሼ፣ አልዋሸሁም እኮ’ አለኝ።

‘አውቃለሁ። ቁጭ በል።’

ቡና አስመጣሁለት። ‘የስ’ እና ‘ኖ’ እንዴት እንደሚገለባበጡ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። ወረቀቱን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየና ‘ይህን ሁሉ ዓመት በእንግሊዝኛ ስማር ይህን የነገረኝ የለም’ አለ። እኔም ብሆን በሥራ ብዛት ደረስኩበት እንጂ ማንም አላስተማረኝም።

ለመሥሪያ ቤቱ የማብራሪያ ደብዳቤ ልንጽፍ ተስማማን። ‘በራሴ ቃል ልጻፈው’ ስላለ ኪቦርዱን ለቀቅሁለት። ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ ቆም እያለ ጻፈ። ሲጨርስ ወንበሩን ወደኔ አዞረልኝ። የመጀመሪያው መስመር ‘አይ ዉድ ላይክ ቱ ዲስከስ አባውት ማይ አንሰር’ ይላል።

ዝም ብዬ አየኋት። ከዚያ ‘አባውት’ን ብቻ ሰርዤ ለምን እንደሰረዝኳት ነገርኩት፤ የቀረውን እሱ እንደጻፈው አትሜ ሰጠሁት።