የኮሌጅ የስፖርት ስኮላርሺፕ ከሩጫ ሰዓቱ በፊት ትራንስክሪፕቱን (የትምህርት ውጤት ማስረጃውን) ይጠይቃል

አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያላቸው ወላጆች ስለ ኮሌጅ የስፖርት ስኮላርሺፕ ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ልጃቸው 1,500 ሜትርን በስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ ወይም በውድድር ዘመኑ ስንት ግብ እንዳስቆጠረ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ልጁ በዘጠነኛ ክፍል የትኞቹን ትምህርቶች እንደወሰደ ነው፤ ምክንያቱም አሠልጣኝ አጥብቆ የፈለገው ተማሪ እንኳ የትምህርት መስፈርቱን ካላሟላ በመጀመሪያው ዓመት ለቡድኑ መሰለፍ አይችልም።

የአብዛኞቹን ታላላቅ ኮሌጆች ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ የተባለው ማኅበር አባል ኮሌጆቹን በሦስት ዲቪዚዮን (የውድድር ምድብ) ይከፍላል። በዲቪዚዮን አንድ ለመወዳደር 16 መሠረታዊ ትምህርቶችን ማጠናቀቅ ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም ውስጥ የአራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ ከአልጀብራ አንድ የሚጀምር የሦስት ዓመት ሒሳብ፣ የሁለት ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስና የሁለት ዓመት ማኅበራዊ ሳይንስ ግዴታ ናቸው። በእነዚህ ትምህርቶች ብቻ የሚሰላው አማካይ ውጤት በ4.0 መለኪያ ከ2.3 ማነስ የለበትም፤ ለዲቪዚዮን ሁለት 2.2 ይበቃል። በሰውነት ማጎልመሻ የተገኘ ከፍተኛ ውጤት ጠቅላላ አማካዩን ቢያሳምርም እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚሰማው ግን ሌላ ደንብ ነው። ለዲቪዚዮን አንድ ከ16ቱ ትምህርቶች አሥሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው፤ ከአሥሩም ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም የተፈጥሮ ሳይንስ መሆን ይኖርባቸዋል። 12ኛ ክፍል ከተጀመረ በኋላ ከአሥሩ አንዱን በድጋሚ በመውሰድ አማካዩን ማሻሻል አይቻልም፤ ስለዚህ ከ11ኛ ክፍል ቀጥሎ ያለው ክረምት የመጨረሻው ዕድል ነው። በተጨማሪም እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በኤንሲኤኤ የጸደቀለት የትምህርት ዝርዝር ስላለው፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ይህን ዝርዝር መጠየቅ በየሳምንቱ መጨረሻ የውድድር ቪዲዮ ከመቅረጽ ይልቅ ይጠቅማል እላለሁ። ኤስኤቲና ኤሲቲ የተባሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች ለዚህ ብቁነት መስፈርት መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ቀርቷል፤ ኮሌጁ ራሱ ለመግቢያ ሊጠይቃቸው ግን ይችላል።

ገንዘቡን በተመለከተ ተስፋን መጠን ማስያዝ ተገቢ ነው። የዲቪዚዮን ሦስት ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ሃርቫርድንና የልን የመሳሰሉት የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎችም ዲቪዚዮን አንድ ውስጥ ቢሆኑም አይሰጡም። ሙሉ ስኮላርሺፕም ከሚወራው እጅግ ያነሰ ነው፤ ለምሳሌ በዲቪዚዮን አንድ የወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ ቡድን ለረጅም ዘመን የተፈቀደለት የ12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ገንዘብ ብቻ ስለነበር፣ አሠልጣኙ ይህንኑ ለብዙ ሯጮች፣ ዘላዮችና ወርዋሪዎች ሲሸነሽን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት በተቀበሉት ኮሌጆች ይህን ጣሪያ አንሥቶ በቡድን አባላት ቁጥር ገደብ ተክቶታል፤ ነገር ግን ጣሪያው ተነሣ ማለት የኮሌጁ በጀት ጨመረ ማለት አይደለም። አሠልጣኙ ስኮላርሺፕ እንዳለ ሲናገር ከወጪው ምን ያህሉን እንደሚሸፍን፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይና ልጁ ጉዳት ቢደርስበት ምን እንደሚሆን መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ድፍረት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።