ለ24 ቮልት የሶላር መስመር ቲቪኤስ ዳዮድ መምረጥ፦ ከሦስተኛው ቦርድ በኋላ

ሰበታ ዳር ላለ የጫጩት ቤት የተሠራው የሙቀት መቆጣጠሪያ ቦርድ በሦስተኛው ዙር ክረምቱን ሳይቃጠል ተሻገረ። ስለ መጀመሪያው ዙር ብዙ የሚወራ የለም፤ ቲቪኤስ ዳዮድ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ምት ሲመጣ መርቶ ከኋላው ያለውን ዕቃ የሚከላከል ዳዮድ) ጭራሽ አልነበረውም። የሚያናድደው ሁለተኛው ነው፤ ዳዮድ ነበረው፣ ግን የተሳሳተ።

ስህተቱ እንዲህ ነው። መስመሩ «24 ቮልት» ስለሚባል ኤስኤምቢጄ24ኤ የተባለው ዳዮድ ተገዛ። የ24 ቮልት ባትሪ ግን ሲሞላ 28.8 ቮልት ይደርሳል። ይህ ዳዮድ አርፎ የሚቀመጠው እስከ 24 ቮልት ነው፤ ከ26.7 እስከ 29.5 ባለው መካከል መምራት (ኤሌክትሪክ ማሳለፍ) ይጀምራል። ስለዚህ ባትሪው በሞላ ቁጥር እየጋለ ይውላል፣ ይዋል ይደር እንጂ ሾርት ይሆናል። ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ዳዮዱ አርፎ የሚቀመጥበት ቮልቴጅ እንጂ የሚከላከልበት አይደለም። ይባስ ብሎ ሁሉም ዘር አንድ ዓይነት አይደለም፦ ፒ6ኬኢ እና 1.5ኬኢ በሚባሉት የቲቪኤስ ዘሮች ላይ ቁጥሩ መምራት የሚጀምርበትን ነው የሚናገረው። ፒ6ኬኢ30ኤ አርፎ የሚቀመጠው እስከ 25.6 ቮልት ብቻ ነው። «30 ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው አልዋሸም፣ ግን አልጠቀመም።

እሺ፣ ወደ ኤስኤምቢጄ30ኤ እንውጣ። ዋናው ራስ ምታት የሚጀምረው እዚህ ነው። መምራት የሚጀምረው ከ33.3 እስከ 36.8 ቮልት ነው፤ 12.4 አምፔር ሲያልፍበት 48.4 ቮልት ይደርሳል። ከኋላው ያለው ቮልቴጅ ቀናሽ ቺፕ፣ ኤልኤም2596፣ ደግሞ ከ45 ቮልት በላይ አይችልም። ዳዮዱ ሥራውን በትክክል ሠርቶ ቺፑ ይሞታል ማለት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቮልቴጁ ዝቅ ያለ ዳዮድ ይፈልጋል፤ ያው ወደ ሁለተኛው ዙር ስህተት መመለስ ነው። የሚሻለው ቮልቴጁን ሳይነኩ አካሉን ማተለቅ ነው። ትልቁ ኤስኤምሲጄ30ኤ ደግሞ በአምራቹ የመረጃ ወረቀት ላይ ያው 48.4 ቮልት ይላል፣ ግን በ31 አምፔር። ሂሳቡን በ5 አምፔር እንሥራው። የኤስኤምቢጄው ውስጣዊ ሬዚስታንስ ወደ 0.94 ኦም ስለሚጠጋ 36.8 ላይ 4.7 ተጨምሮ 41.5 ቮልት ይሆናል። በኤስኤምሲጄው 0.37 ኦም ገደማ ስለሆነ 38.7 ላይ ይቆማል። ሁለቱም ወረቀቶች ያው 48.4 ይላሉ! ጎኑ ያለውን አምፔር ሳያነቡ ቮልቱን ብቻ ማወዳደር ከንቱ ነው። ሲግልም መምሪያው ቮልቴጅ በየዲግሪው 0.1 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚውል ሳጥን ሁለት ቮልት ያህል ትርፍ ተዉለት።

ሁለተኛው መላ፣ በግሌ ከዳዮዱ በላይ የምወደው፣ ከዳዮዱ በኋላ 2.2 ኦም ባለ 2 ዋት የሽቦ ሬዚስተር፣ ቀጥሎ 220 ማይክሮፋራድ ባለ 63 ቮልት ካፓሲተር ማስገባት ነው። 28 ቮልት ላይ እያለ ለ20 ማይክሮሰከንድ 48 ቮልት ቢመጣ፣ በሬዚስተሩ የሚያልፈው 9 አምፔር ገደማ ነው፤ ካፓሲተሩ ከዚያ የሚጨምረው አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። ቦርዱ 0.3 አምፔር ስለሚወስድ ሬዚስተሩ የሚበላው 0.7 ቮልት አይደርስም። ባለ 35 ቮልት ካፓሲተር ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ።

ይህ ሁሉ ለአጭር ምት ነው። የባትሪው ክር ላልቶ ፓኔሉ ብቻውን ሲቀር አንዳንድ ርካሽ ቻርጅ ኮንትሮለር የፓኔሉን ቮልቴጅ እንዳለ ወደ ጭነቱ ይለቀዋል፤ የ72 ሴል ፓኔል ባዶውን 44 ቮልትና ከዚያ በላይ ነው። በዳዮዱ የሚያልፍ 8 አምፔር በ37 ቮልት ወደ 300 ዋት ይሆናል። ዳዮዱ ላይ «1500 ዋት» መባሉ የአንድ ሚሊሰከንድ ምት ነው፤ ይህን ያለማቋረጥ አይችለውም፣ ሾርት ይሆናል። መሆንም ያለበት እሱ ነው፣ ከፊቱ ፊውዝ ካለ። ፊውዙ ግን 2 አምፔር፣ ቀስ ብሎ የሚበጠሰው ዓይነት ይሁን። ፓኔሉ ሾርት ሆኖም ከ8 ወይም 9 አምፔር በላይ ስለማይሰጥ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ቁጭ ብሎ ቦርዱ ሲጠቁር ያያል። ሁለተኛው ዙር ላይ የነበረው ይኸው ባለ 10 አምፔሩ ነበር፤ መናዘዝ ካስፈለገ ይሄው።

ከመርካቶ የተገዛውን ሳይፈትሹ አለመበየድ። ሁለት የ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ በተከታታይ አገናኝቶ 48 ቮልት ማግኘት፣ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ለዳዮዱ መስጠት፣ ዳዮዱ ላይ መስመር የተሳለበትን ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ማዞር፣ ከዚያ በቴስተር ዳዮዱ ላይ መለካት። ለ30ኤ ከ33.3 እስከ 36.8 መካከል ካልወጣ ስሙ ሌላ ነው። 0.7 ቮልት ካሳየ ተገልብጧል፤ ዜሮ ከሆነ ቀድሞ የሞተ ነው። ስሙ በ«ሲኤ» የሚያልቀው በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይይዛል፤ ለዲሲ መስመር ግን አልመርጠውም፤ ባትሪ ተገልብጦ ሲገባ በ0.7 ቮልት ገደማ መርቶ ፊውዙን የሚበጥሰው ባለ አንድ አቅጣጫው ነውና።

ለ220 ቮልት መስመር ይህን ሁሉ እርሱት፤ እዚያ 14ዲ471 ቫሪስተር (ቮልቴጅ ሲበዛ የሚመራ ሬዚስተር) ከፊውዝ ጋር ይበቃል። የተረፉት ኤስኤምቢጄ24ኤዎች ደግሞ በ19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ለሚሠሩ ቦርዶች ገብተዋል።