አሮጌ ናስ ላይ ሊኑክስ መጫን፦ ሲሪያሉ የቆመበትን መስመር ማንበብ

አምራቹ ዝማኔ መልቀቅ ያቆመለት ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ዲስክ ናስ (በኔትወርክ ፋይል የሚያጋራ የዲስክ ሳጥን) ብዙውን ጊዜ ቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ሶፍትዌሩ ነው። ሊኑክስ መጫኑም ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሰውን የሚያሰለቸው ስክሪን በሌለው ዕቃ ላይ በጭፍን መሥራቱ ነው፦ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ኔትወርክ ላይ ግን አይታይም፣ ምን እንደነካው የሚናገር የለም። ስለዚህ ሲሪያል ኮንሶል፣ ማለትም ሳጥኑ ሲነሳ የሚጽፈውን በሽቦ ወደ ኮምፒውተር የሚያመጣውን መስመር፣ ሳታገናኙ ምንም አትጀምሩ። ናሱ ሲነሳ የቆመበትን መስመር ያየ ሰው የችግሩን ግማሽ ፈትቷል።

ዝርዝሩ በማርቬል ኪርክውድ ቺፕ ለተሠሩት፣ ማለትም 88ኤፍ6281 እና 6282 ላላቸው ሳጥኖች ነው። ከ128 እስከ 512 ሜጋባይት ራም አላቸው፣ የሚነሱትም በዩ-ቡት፣ ማለትም ሲስተሙን በሚያስጀምረው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሮሰሰሩ የአርም 5ኛ ትውልድ ስለሆነ የሚያስፈልገው የዴቢያን (የሊኑክስ ስርጭት ነው) ዓይነት አርሜል ነው። ዴቢያን 12 ለዚህ ቺፕ ከርነልም (የሊኑክስ እምብርት) መጫኛም ያለው የመጨረሻው እትም ነው። ዴቢያን 13 የአርሜል ፓኬጆችን ቢይዝም የኪርክውድ ከርነል የለውም፤ ወይ 12 ላይ መቆየት፣ ወይ ከርነሉን ራስ መገንባት ነው። አርማዳ 370 ወይም 385 ያለው ሳጥን ከሆነ ግን 7ኛው ትውልድ ነውና አርምኤችኤፍ ይጫንበታል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። 128 ሜጋባይት ራም ባለው ላይ በድረ-ገጽ የሚታዘዝ ከባድ የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ለመጫን አትድከሙ። ፋይል ለማጋራት ሳምባና ኤንኤፍኤስ፣ ከርቀት ለመግባት ኤስኤስኤች፤ በቃ።

መጀመሪያ ሲሪያሉ

የሚያስፈልገው 3.3 ቮልት የሚሠራ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል ቀያሪ ነው፤ ሲፒ2102፣ ኤፍቲ232 ወይም ሲኤች340 ቺፕ ያለው ይሆናል። የድሮ ኮምፒውተር ጀርባ ላይ ያለውን ባለ 9 ፒን ፖርት በቀጥታ አትሰኩ፤ ቮልቴጁ እስከ 12 ስለሚደርስ ቺፑን ያቃጥለዋል። ቦርዱ ላይ ብዙ ጊዜ ተደርድረው የተተዉ አራት ፒኖች ወይም አራት ቀዳዳዎች ይገኛሉ። የትኛው የቱ እንደሆነ በመልቲሜትር ይለያል፦ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ከብረቱ አካል ጋር የሚገናኘው ግራውንድ ነው። ሲበራ ሳይወዛወዝ 3.3 ላይ የሚቆመው የኃይል ፒኑ ነው፤ እሱን አትንኩት፣ ምንም አይሰካበትም። በመነሻው ሰከንዶች ውስጥ ንባቡ የሚዋልለው ላኪው ነው። የቀረው ተቀባዩ ነው። የናሱ ላኪ ከቀያሪው ተቀባይ፣ የናሱ ተቀባይ ከቀያሪው ላኪ ጋር ይሻገራሉ።

ፍጥነቱ 115200 ባውድ፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት ነው። ጽሑፉ እየመጣ የምትጽፉት ግን ካልደረሰ፣ ሽቦ ከመፍታታችሁ በፊት የተርሚናል ፕሮግራሙ ላይ የሃርድዌር ፍሎው ኮንትሮሉን አጥፉ፤ ሚኒኮም ላይ የተለመደ ነገር ነው። የተመሰቃቀለ ፊደል ከመጣ ወይ ባውዱ ተሳስቷል ወይ ግራውንዱ በደንብ አልተያያዘም።

ዩ-ቡት ቆጠራውን ሲጀምር ማንኛውንም ቁልፍ ተጭናችሁ አስቁሙት። «ፕሪንትኢንቭ» (የዩ-ቡትን ቅንብር የሚዘረዝር ትእዛዝ) ብላችሁ የሚወጣውን በሙሉ ጽሑፍ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፦ «ኢዝአድር» ማለትም የኔትወርክ ካርዱ ማክ አድራሻ፣ «ኤምቲዲፓርትስ» ማለትም የውስጥ ፍላሹ አከፋፈል፣ እና «ቡትሲኤምዲ» ማለትም ሲነሳ የሚፈጸመው ትእዛዝ። ቀጥሎ ፋብሪካው የሰጠው ሲስተም ገና እየሠራ ሳለ የፍላሹን ክፍሎች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ቅዱ። ፍላሹ ናንድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ በ«ናንድዳምፕ» ቅዱት፤ ተራው መቅጃ «ዲዲ» የተበላሹ ብሎኮችን መዝለል ስለማያውቅ እነሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል ወይም የተዛባ ቅጂ ይሰጣል።

ከፍላሹ ሳይሆን ከዩኤስቢ

አዲሱን ሲስተም የውስጥ ፍላሹ ላይ አትጻፉ። ዩኤስቢ ላይ ጫኑትና የፋብሪካው እንዳለ ይቀመጥ፤ ነገር ቢበላሽ ዩኤስቢውን ነቅሎ ወደነበረበት መመለስ ይቻላል። ደግሞም የአንዳንዶቹ ሳጥኖች የከርነል ክፍል 2 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የዛሬ ከርነል አይገባበትም።

ዩኤስቢው በድሮው ኤምቢአር ዘዴ ይከፈል፣ ምክንያቱም የቆየ ዩ-ቡት አዲሱን ዘዴ ጂፒቲን አያነብም። የመጀመሪያው ክፍል 300 ሜጋባይት ያህል፣ በኤክስት2 ፎርማት የተደረገ፣ ከርነሉ የሚቀመጥበት ይሁን። ሁለተኛው በኤክስት4 የሲስተሙ፣ ሦስተኛው 512 ሜጋባይት ስዋፕ (ራም ሲያንስ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ይሁን። ከ128 እስከ 256 ሜጋባይት ራም ያለው ያለ ስዋፕ ፓኬጅ ጫኙ «አፕት» ላይ ወድቆ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። የኤክስት ፎርማት ማድረጊያው ከ1.43 እትም ጀምሮ ለኤክስት4 ባለ 64 ቢት አድራሻንና የሜታዳታ ቼክሰምን ሳይጠየቅ ያበራል፤ የቆየ ዩ-ቡት ሁለቱንም አያውቅም። በጣም የቆየው ደግሞ 256 ባይት የሆነ አይኖድ (የፋይል መረጃ የሚያዝበት መዝገብ) እንኳ አያነብም፣ ፋይሉ እያለ የለም ይላል። ስለዚህ ፎርማት ስታደርጉ ኤክስት2 ምረጡ፣ የአይኖዱን መጠንም 128 አድርጉት። ፕሮግራሙ ከ2038 በኋላ ስላለው ቀን ያስጠነቅቃችኋል፤ ከርነል ብቻ ለሚቀመጥበት ክፍል አያሳስብም።

ዩ-ቡት «ዩኤስቢ ስታርት» ሲባል ዜሮ ማከማቻ አገኘሁ ካለ «ዩኤስቢ ሪሴት» ሞክሩ፣ ካልሆነ ሌላ ስቲክ፣ ካልሆነ ሌላ ፖርት። ዩኤስቢ 3 ፖርቱ በተለየ ቺፕ በኩል የሚሄድ ከሆነ ፋብሪካው የጫነው ዩ-ቡት አያየውም፤ ዩኤስቢ 2 ፖርቱን ተጠቀሙ።

ከርነሉን ማዘጋጀት

የድሮ ዩ-ቡት ዲቲቢ የሚባለውን የሃርድዌር መግለጫ ለከርነሉ ማቀበል አይችልም። መፍትሔው የሳጥናችሁን ዲቲቢ በ«ካት» ዚኢሜጅ ከሚባለው የከርነል ፋይል ጅራት ላይ መቀጠል፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ በ«ኤምኬኢሜጅ» ዩ-ቡት የሚያነበው ዩኢሜጅ ማድረግ ነው። የመጫኛውም የመነሻውም አድራሻ በሄክስ 8000 ይሁን። ዴቢያን ላይ «ፍላሽ-ከርነል» የሚባለው ፓኬጅ ሳጥኑን ካወቀው ይህን በየዝማኔው ራሱ ይሠራል። ካላወቀው ከርነሉ በተዘመነ ቁጥር በእጅ መድገም አለባችሁ፤ ይህን ረስቶ «ከዝማኔ በኋላ አልነሳም» የሚል ብዙ ነው።

ዩ-ቡት ላይ ከርነሉን በሄክስ 800000፣ ኢኒትአርዲውን (ከርነሉ ሲነሳ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም) 1100000 ላይ ጫኑ። በመካከላቸው 9 ሜጋባይት ቦታ አለ። የራሳችሁን ትልቅ ከርነል ሠርታችሁ ከዚያ ካለፈ፣ ኋላ የተጫነው ኢኒትአርዲ የከርነሉን ጫፍ ይጽፍበታል፤ ስክሪኑም «ባድ ዳታ ሲአርሲ» ይላል። ፋይሉ ተበላሽቷል ብላችሁ ደጋግማችሁ እንዳትቀዱ፤ የተጋጨው አድራሻው ነው።

ትእዛዞቹን በእጅ እየጻፋችሁ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በደንብ ሳይነሳ ቅንብሩን በቋሚነት የሚያስቀምጠውን «ሴቭኢንቭ» አትበሉ። እስከዚያ ድረስ ስሕተት ሁሉ በማጥፋትና በማብራት ይሰረዛል።

የት ቆመ?

ምንም ጽሑፍ ካልመጣ፣ ሽቦው ትክክል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ኃይል ሰጪውን ጠርጥሩ። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ለመሽከርከር ሲነሳ ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፔር ገደማ ይስባል። ያረጀ አዳፕተር ያለ ዲስክ ቦርዱን ያስነሳል፣ ዲስክ ሲገባ ግን እየወደቀ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዲስኩን አውጥቶ ማስነሳት ይለየዋል። ዩ-ቡቱ ራሱ ከተበላሸ ኪርክውድ ላይ «ኬደብሊውቡት» የሚባለው መሣሪያ ዩ-ቡትን በሲሪያሉ ወደ ራም ያስገባል፤ ሳጥኑ ገና ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው ፕሮግራሙ ተነስቶ መጠበቅ አለበት።

«ባድ ማጂክ ነምበር» ወይም «ሮንግ ኢሜጅ ፎርማት» ካለ ወይ ዩኢሜጅ ያልሆነ ጥሬ ከርነል ሰጥታችሁታል፣ ወይ ከዚያ በፊት ያለው የመጫን ትእዛዝ ከሽፎ ሜሞሪው ላይ ያለው ቆሻሻ ነው። አንድ መስመር ወደ ላይ ሄዳችሁ የተጫነው ባይት ስንት እንደሆነ ተመልከቱ።

«ስታርቲንግ ከርነል» ብሎ ዝም ካለ ብዙዎች ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ግን ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ የራውተሩን የአድራሻ ዝርዝር እዩ። ሳጥኑ አድራሻ ከወሰደ ከርነሉ ተነስቷል፤ የጎደለው ኮንሶሉ ቲቲዋይኤስ0 በ115200 መሆኑን የሚገልጸው የቡትአርግስ (ዩ-ቡት ለከርነሉ የሚያቀብለው የትእዛዝ መስመር) ቃል ነው። አድራሻም ካልወሰደ ዲቲቢው አልተቀጠለም ወይም የሌላ ሞዴል ነው። የድሮ መመሪያዎች የሚያወሩለት የማሽን ቁጥር ዲቲቢ ለተቀጠለለት ከርነል ለውጥ አያመጣም፣ ጊዜ አታጥፉበት።

ከርነሉ ሄዶ ሄዶ ሩት (ዋናውን) ፋይል ሲስተም መጫን አልቻልኩም ብሎ ፓኒክ ካደረገ፣ ማለትም በስሕተት ከቆመ፣ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፣ ዩኤስቢ ዘግይቶ ስለሚታወቅ ቡትአርግስ ላይ «ሩትዌይት» ወይም «ሩትዲሌይ» 10 ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ሩቱን በዩዩአይዲ ወይም በሌብል ከጠራችሁት ፈልጎ የሚያገኘው ኢኒትአርዲው ነው፤ ከርነሉ ብቻውን የሚያውቀው ፓርትዩዩአይዲን ነው። ኢኒትአርዲ የማትጭኑ ከሆነ ሩቱን በፓርትዩዩአይዲ ጥሩት። ኤስዲኤ ወይም ኤስዲቢ ብሎ መጥራት አይታመንም፤ ዲስክ በተጨመረ ቁጥር ስሙ ይቀያየራል።

ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ገብቶ ከተገኘ ጥፋቱ ኤፍስታብ፣ ማለትም የሚጫኑ ዲስኮች የሚዘረዘሩበት ፋይል ላይ ነው። እዚያ የተጻፈ ዲስክ ካልተገኘ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ጠብቆ ሁሉንም ያቆመዋል፣ ኤስኤስኤችም አይነሳም። ለዳታ ዲስኮች ሁሉ «ኖፌይል» ጻፉ።

ከተነሳ በኋላ

ዩ-ቡቱ ማክ አድራሻውን ከረሳ ሳጥኑ በተነሳ ቁጥር አዲስ ማክ፣ አዲስ አይፒ ይዞ ይመጣል። አድራሻው ብዙ ጊዜ ከታች ባለው ስቲከር ላይ አለ፤ «ኢዝአድር» ላይ መልሱት። ይህን ከሊኑክስ ውስጥ በ«ኤፍደብሊው-ሴትኢንቭ» ማድረግ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ «ኤፍደብሊው-ፕሪንትኢንቭ» ብቻ በሉ። «ባድ ሲአርሲ» እና «ዲፎልት ኢንቫይሮመንት» የሚል ካወጣ የማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ቦታ ወይም መጠን ተሳስቷል። በዚያው ከቀጠላችሁ የማይረባ መነሻ ቅንብር ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሲሪያል መመለሻ የለም።

የሰዓት ባትሪ የሌለው ወይም ባትሪው ያለቀ ሳጥን 1970 ላይ ይነሳል፣ «አፕት»ም የፓኬጅ ዝርዝሩ ገና አልጸናም ይላል። «ፌክ-ኤችደብሊውክሎክ» ጫኑ።

ማጥፋት ሌላ ጣጣ ነው። ብዙዎቹ ሳጥኖች ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠር የተለየ ትንሽ ቺፕ አላቸው፣ ሊኑክስ ቢዘጋም እሱ ካልታዘዘ መብራቱ አይጠፋም። የኪውናፕ ኩባንያ ሳጥኖች ላይ ትእዛዙ በሁለተኛው ሲሪያል በ19200 ባውድ ይሄዳል፤ ሲኖሎጂ ላይ በ9600። ለኪውናፕ «ኪውኮንትሮል» የሚባለው ፓኬጅ ማራገቢያውንም አብሮ ይይዛል። ማራገቢያው የፋብሪካው ሲስተም ሲቀርበት ወይ በሙሉ ኃይል ይጮኻል ወይ ጨርሶ ይቆማል፤ አደገኛው ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ የዲስኩን ሙቀት በ«ስማርትሲቲኤል» ተከታተሉ። 50 ዲግሪ ካለፈ ክዳኑን ክፈቱና ማራገቢያውን ሳታስተካክሉ አትቀጥሉ። እግረ መንገዳችሁን እዚያው ከሚዘረዘሩት 5፣ 197 እና 198 ቁጥሮችን እዩ፤ እነዚህ ዲስኩ መታመሙን ይናገራሉ። 199 እየጨመረ ከሄደ ግን ኬብሉ ወይም መሰኪያው ነው።

ዲስኮቹ ላይ የቆየ ዳታ ካለ

የኪውናፕና የሲኖሎጂ ራይድ (ዲስኮችን አንድ ላይ የሚያሠራ ዘዴ) ውስጡ የሊኑክሱ ኤምዲአድም ነው፣ ስለዚህ ዳታው ሊድን ይችላል። ማወቅ ያለባችሁ በ«አሰምብል» እና በ«ክሪኤት» መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ያለውን ይሰበስባል፣ ሁለተኛው አዲስ ራይድ ይጽፋል። በንባብ ብቻ ሰብስቡት፣ በንባብ ብቻ ጫኑት፣ ቅጂ ውሰዱ፣ ከዚያ በኋላ የወደዳችሁትን አድርጉ። ሲኖሎጂ ላይ ኤምዲ0 ሲስተሙ፣ ኤምዲ1 ስዋፑ ነው፤ ዳታው ከኤምዲ2 ይጀምራል፣ አንዳንዴም በላዩ ኤልቪኤም (ሌላ የክፍፍል ንብርብር) አለ። ራይዱ ኤምዲ127 የሚል ስም ይዞ ከመጣ አልተበላሸም፤ የኤምዲአድም ማዋቀሪያ ፋይሉን አስተካክላችሁ ኢኒትአርዲውን እንደገና ሥሩ።

ስለ ፍጥነት ብዙ አትጠብቁ። ኔትወርኩ ጊጋቢት ቢሆንም ፕሮሰሰሩ አይከተለውም፤ በተለይ በኤስኤስኤች ፋይል መላክ ምስጠራው ያንቀዋል። በቤት ኔትወርክ ውስጥ ኤንኤፍኤስ ወይም የፋይል መቅጃው የአርሲንክ ዲመን ይሻላል።

ዲስኩ ሥራ ሲያጣ እንዲያርፍ «ኤችዲፓርም» ላይ የሚሰጠው ቁጥር እስከ 240 ድረስ በ5 ሰከንድ ይባዛል፣ 120 ማለት 10 ደቂቃ ነው። ከ241 እስከ 251 ያለው ግን በግማሽ ሰዓት ይቆጠራል፤ 242 አንድ ሰዓት ነው። ዲስኩ ቁጥሩን ችላ ካለ «ኤችዲ-አይድል» ይሠራል። አርፎ ወዲያው የሚነቃ ከሆነ «ፋትሬስ» ማን ፋይል እንደነካ ያሳያል። እዚያ ምንም ካልታየ የዲስክ ጤና የሚከታተለው ስማርትዲ በየ30 ደቂቃው ዲስኩን ይጠይቃልና ያረፈውን እንዳይቀሰቅስ የስታንድባይ አማራጩን ማዋቀሪያው ላይ ጨምሩለት።