ደብረ ብርሃን ሰዓቷን ለምን አትቀይርም?

አሜሪካ ዘመድ ያለው የሰሜን ሸዋ ሰው የስልክ ቀጠሮው በዓመት ሁለቴ ይዛነፍበታል። የሚለወጠው የእነሱ ሰዓት ነው፤ የእኛ ባለበት ነው።

ሰዓትን በዓመት ሁለቴ መቀየር በአገር ደረጃ ቀድማ የጀመረችው ጀርመን ናት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1916 እ.ኤ.አ.። ብሪታንያ በሳምንታት ውስጥ ተከተለቻት። ዓላማው ለመብራት የሚነደውን የድንጋይ ከሰል መቆጠብ ነበር። በለንደን የበጋው ረጅም ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ያልፋል፣ የክረምቱ አጭር ቀን 8 ሰዓት አይሞላም። በበጋ ሰው ሳይነቃ የሚባክነውን የንጋት ብርሃን ወደ ምሽት ለማዛወር ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል።

ደብረ ብርሃን ላይ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ለምድር ወገብ ቅርብ ነንና የሚዛወር ትርፍ ብርሃን የለንም። ብንቀይር ገበሬውንም ተማሪውንም በጨለማ ከማስነሳት በቀር ጥቅም አይታየኝም።

ለቀጠሮ ይህን ያዙ፦ አሜሪካ ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 5 ባለው እሑድ ወደፊት ትገፋለች፣ ጥቅምት ማለቂያ አካባቢ ትመልሳለች። እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው (ሰዓታቸውን ገፍተው ሳሉ) ከቀኑ 8፣ በክረምታቸው (ከመለሱት በኋላ) 7 ሰዓት ነው። አውሮፓ የምትገፋው ከመጋቢት 16 እስከ 22 ባለው እሑድ ስለሆነ፣ በመካከሉ ባሉት ሳምንታት የሁለቱን ልዩነት ለየብቻ አስሉ።

ስልካችሁ ላይ አዲስ አበባን ወይም ናይሮቢን ምረጡ። በአውሮፓውያን በጋ ሰዓቱ ከእኛ ጋር ስለገጠመ ብቻ አቴንስን የመረጠ ሰው፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ስልኩ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀርበታል።